የታልክ ዱቄት፤ ጥቅሙና የሚያሻው ጥንቃቄ

በሰው ቤት ከሚገኙት ዕቃዎች መካከል እንደ ታልክ ዱቄት የዋህ መስሎ የሚታይ ጥቂት ነው። ነጭ ነው፤ ለስላሳ ነው፤ መልካም ሽታ አለው፤ ቆዳን አያቃጥልም። እናት ያጠበችውን ሕፃን አድርቃ በብብቱና በጭኑ መካከል ትነሰንስለታለች። ፀጉር ቆራጭ ሥራውን ሲጨርስ የደንበኛውን ማጅራት በእርሱ ያብሳል። በምጽዋ ወይም በአሰብ፥ በጅቡቲም ሙቀት የሚሠራ ጸሐፊ ወይም የመጋዘን ሹም ሸሚዙን ከመልበሱ በፊት ደረቱንና ጀርባውን በእርሱ ያደርቃል። ባለሱቁም ከሳሙናና ከሽቶ አጠገብ ደርድሮ ሲሸጠው፥ ስለ ደኅንነቱ የሚጠይቅ ሸማች ለብዙ ዘመን አልነበረም።

ይሁን እንጂ ካለፉት አምሳ ዓመታት ወዲህ ይህ ዱቄት በሐኪሞች ጉባኤ፥ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና በፍርድ አደባባይ ብርቱ ክርክር አስነሥቷል። አንዳንዱ ሰው ወሬውን ሰምቶ ዱቄቱን እንደ መርዝ ይሸሸዋል፤ ሌላው ደግሞ «እናቶቻችን ሲጠቀሙበት ኖረው ምን አደረጋቸው?» ብሎ ነገሩን ይንቀዋል። ሁለቱም ፍርዶች የተቸኮሉ ናቸው። የታልክ ነገር በትክክል የሚታወቀው ሦስት ጥያቄዎችን ለይቶ በመመርመር ነው፤ እነርሱም፥ ዱቄቱ በምን መንገድ ወደ ሰውነት ይገባል? ከዱቄቱ ጋር ምን ሌላ ነገር ተቀላቅሏል? ንጹሑ ታልክ ራሱስ ጉዳት አለውን? የሚሉት ናቸው። ዕቃውን ለሚያስመጣ ነጋዴና እንዲገባ ለሚፈቅድ ሹም ከሦስቱ ይልቅ የሚከብደው ሁለተኛው ነው።

ድንጋዩና ጠባዩ

ታልክ ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣ ድንጋይ ነው። ስሙም ዐረቦች «ጠልቅ» ይሉት ከነበረው ቃል የመጣ ነው። ኬሚስቶች እንደሚያስረዱት፥ ማግኒዥየምና ሲሊኮን ከኦክሲጅንና ከሃይድሮጅን ጋር ተዋሕደው የሠሩት ማዕድን ነው። የጀርመን ተወላጅ የሆነው የማዕድን ሊቅ ፍሪድሪክ ሞስ በ1812 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ድንጋዮችን እንደ ጥንካሬያቸው በዐሥር ደረጃ በመደበ ጊዜ፥ አልማዝን በላይኛው በዐሥረኛው፥ ታልክን ግን በታችኛው በአንደኛው ደረጃ አኖረው። በእርግጥም በጥፍር የሚፋቅ ድንጋይ ነው። የለስላሳነቱ ምክንያት አሠራሩ ነው፤ እንደ መጽሐፍ ገጾች የተደራረቡ እጅግ ቀጫጭን ንብርብሮች አሉት፤ እነርሱም እርስ በርሳቸው በደካማ ኀይል የተያያዙ በመሆናቸው ጣት በነካቸው ቁጥር አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታል። ስለዚህ በቆዳ ላይ ሲነሰነስ ፍትጊያን ይቀንሳል፤ ርጥበትና ቅባትም ይይዛል።

ታልክ የበዛበት ድንጋይ ለመቅረጽ ስለሚመች የጥንት ግብጻውያን የጢንዚዛ መልክ ያላቸውን ማኅተሞቻቸውን ከዚሁ ዐይነት ድንጋይ ይቀርጹ ነበር። በዛሬው ዘመን ታልክ በብዛት ከሚያወጡት አገሮች መካከል ቻይና፥ ህንድ፥ ብራዚል፥ አሜሪካና ፈረንሳይ ይገኛሉ። በኢጣልያም ከቶሪኖ ከተማ ባሻገር በፒየሞንቴ ተራሮች መካከል በሚገኙት በኪዞኔና በጀርማናስካ ሸለቆዎች የሚወጣው ታልክ ስለ ንጣቱ ከብዙ ዘመን ጀምሮ ስሙ የተጠራ ነው። በዚያ አገር «ቦሮታልኮ» የሚለው የአንድ ዕቃ የንግድ ስም ለማናቸውም የገላ ዱቄት መጠሪያ እስከ መሆን ደርሷል።

በሥራ ቤትና በሕክምና

ታልክን የገላ ዱቄት ብቻ አድርጎ የሚያስብ ሰው ይሳሳታል። ከማዕድን ጉድጓድ የሚወጣው ታልክ አብዛኛው የሚሄደው ወደ ፋብሪካ ነው። የወረቀት ፋብሪካ ወረቀቱን ለማለስለስ፥ የቀለም ፋብሪካ ቀለሙ በደንብ እንዲይዝ፥ የፕላስቲክ ፋብሪካ ዕቃው እንዲጠነክር፥ የሸክላ ፋብሪካም ሳሕኑ እሳት እንዲችል ከሥራው ይቀላቅለዋል። ጎሚስታ የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ እንዳይጣበቅ ይነሰንስበታል። ልብስ ሰፊ ጨርቅ ላይ የሚያሠምርበት ጠመኔ፥ ብረት በያጅም በጋለ ብረት ላይ ምልክት የሚያደርግበት ነጭ ድንጋይ ብዙ ጊዜ ከዚሁ ማዕድን የተሠራ ነው። የመድኃኒት ፋብሪካዎችም እንክብሉ ከማተሚያው ጋር እንዳይጣበቅ ጥቂት ታልክ ይጨምሩበታል።

ሐኪሞችም ከዚህ ዱቄት ከፍ ያለ ጥቅም አግኝተውበታል፤ ጉዳቱንም ቀድመው አይተውበታል። በሳንባ ዙሪያ ውሃ እየቋጠረ ትንፋሽ ለሚያሳጥረው በሽተኛ፥ ከጀርሞች የጸዳ ታልክ በሳንባው ሽፋንና በደረቱ ግድግዳ መካከል ሲገባ ሁለቱ ተጣብቀው ውሃው የሚቋጠርበት ስፍራ ይዘጋል። ይህንን ዘዴ በ1935 የጀመረው ኖርማን ቤቱን የሚባለው የካናዳ ሐኪም ሲሆን እስከ ዛሬም ይሠራበታል። በሌላ በኩል ደግሞ የቀዶ ጥገና ሐኪሞች የላስቲክ ጓንት በቀላሉ እንዲጠልቅላቸው ታልክ ይነሰንሱበት ነበር፤ ዱቄቱ ግን በበሽተኛው ሆድ ውስጥ ሲቀር ሥጋውን እያስቈጣ እብጠት ማውጣቱና አንጀትን ከአንጀት ማጣበቁ ስለ ታወቀ፥ ከ1940ዎቹ ጀምሮ በበቆሎ ስታርች እየተተካ ሄደ። በመጨረሻም እርሱም ቢሆን ጉዳት ያለው ሆኖ ስለ ተገኘ የአሜሪካ መንግሥት የምግብና የመድኃኒት መሥሪያ ቤት ዱቄት ያለበትን የሕክምና ጓንት ሁሉ ከጥር 2017 ጀምሮ ከለከለ።

እንግዲህ በሳንባ ሽፋን ላይ መድኃኒት የሆነው ማጣበቅ በአንጀት ላይ ደዌ ሆነ። ዱቄቱ አንድ ነው፤ ልዩነቱ የገባበት ስፍራ ነው። ይህ ነገር ስለ ሕፃናት ዱቄትም ለሚታሰበው ሁሉ መነሻ ይሆናል።

ወደ ሕፃናት አልጋ የመጣበት መንገድ

ታልክ የሕፃናት ዱቄት ሆኖ በዓለም የታወቀው በአጋጣሚ ነው። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ በቁስል ላይ የሚለጠፍ ፕላስተር ይሠራ ነበር። አንድ ሐኪም ፕላስተሩ የበሽተኛውን ቆዳ እንዳስቈጣበት ለኩባንያው ቢጽፍ፥ የኩባንያው የሳይንስ ሹም ፍሬድ ኪልመር ቆዳውን የሚያበርድ የኢጣልያ ታልክ በቆርቆሮ አድርጎ ላከለት። ከዚያም በኋላ ኩባንያው ከፕላስተሩ ጋር ጥቂት ታልክ ማያያዝ ጀመረ፤ ሰዎችም ዱቄቱ ለሕፃናት የሽንት ጨርቅ ሽፍታ እንደሚረዳ ስላስታወቁ በ1894 ለብቻው የሕፃናት ዱቄት ተብሎ ለገበያ ቀረበ። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ነጩ ዕቃና ሽታው በብዙ አገር የሕፃን ቤት ምልክት ሆነው ኖሩ።

የመጀመሪያው አደጋ፤ እስትንፋስ

የመጀመሪያው ጥያቄ ዱቄቱ በምን መንገድ ወደ ሰውነት ይገባል የሚለው ነበር። በጤነኛ ቆዳ ላይ የተነሰነሰ ታልክ በቆዳው ውስጥ አያልፍም። አደጋው ዱቄቱ ሲቦንን ነው። ደቃቁ ዱቄት ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ወደ ሳንባ ሲገባ የአየር መተላለፊያዎቹን ያደርቃል፤ ይዘጋልም፤ ሳንባው እንደ ምግብ ሊፈጨው፥ እንደ ጨውም ሊያሟሟው አይችልም። በተለይ ሕፃን ልጅ ልብሱ በሚለወጥበት ጊዜ እንዲጫወትበት የዱቄቱን ዕቃ ተሰጥቶት፥ ክዳኑ ተከፍቶ ፊቱ ላይ ሲገለበጥ፥ ሕፃኑ ዱቄቱን በአንድ ትንፋሽ ሊስበው ይችላል። በዚህ ምክንያት ትንፋሽ አጥሯቸው ወደ ሐኪም ቤት የተወሰዱ፥ የሞቱም ሕፃናት በሕክምና መጻሕፍት ተመዝግበዋል። ስለዚህ ነገር የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ዱቄቱ ለሕፃናት እንዳይደረግ ሲመክር ኖሯል፤ የአውሮፓ ኅብረትም ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት በሚሸጥ ታልክ ያለበት ዱቄት ላይ ከሕፃኑ አፍንጫና አፍ መራቅ እንዳለበት የሚያስጠነቅቅ ቃል እንዲጻፍ በሕግ አዟል።

የማዕድን ሠራተኞችም ነገር ከዚሁ ጋር የሚታሰብ ነው። ታልክ በሚቈፈርበትና በሚፈጭበት ስፍራ ለብዙ ዓመታት አቧራውን ሲተነፍሱ የኖሩ ሰዎች ሳንባቸው እየጠነከረ ትንፋሽ የሚያጥርበት ታልኮሲስ የሚባል በሽታ እንደሚይዛቸው የታወቀ ነው። በሱቅ የሚታየው ልስላሴ ከዚያ ከባድ ሥራ በኋላ የመጣ ነው።

በፈረንሳይ አገር የደረሰው መከራ

ሁለተኛው ጥያቄ ከዱቄቱ ጋር ምን ተቀላቅሏል የሚል ነው። ሌላ ነገር ከታልክ ጋር የሚቀላቀልበት መንገድ ሁለት ነው፤ አንዱ በሰው እጅ ስሕተት፥ ሁለተኛው ከማዕድኑ ራሱ ነው። የሰው እጅ ስሕተት ምን ያህል ሊያደርስ እንደሚችል በፈረንሳይ አገር በ1972 የሆነው ያስረዳል።

በዚያ ዓመት በጸደይና በበጋ ወራት በልዩ ልዩ የፈረንሳይ አውራጃዎች ጤነኛ የነበሩ ሕፃናት በድንገት ይታመሙ ጀመር። ገላቸው በሽንት ጨርቁ አካባቢ ይቀላል፤ ይቈስላል፤ ከዚያም ያስመልሳቸዋል፤ ይንቀጠቀጣሉ፤ ራሳቸውን ይስታሉ። ሐኪሞቹ በመጀመሪያ ተላላፊ የአንጎል በሽታ መስሏቸው ነበር። ወላጆችም የልጃቸው ገላ ሲቀላ እያዩ ሕመሙን ለማብረድ ሲሉ ያንኑ ዱቄት ጨምረው ይነሰንሱ ነበር፤ መድኃኒት የመሰላቸው ነገር መርዙ ራሱ እንደ ሆነ አላወቁም። በመጨረሻ በተደረገው ምርመራ የታመሙት ሕፃናት ሁሉ ታልክ ሞራንዥ በሚባል ዱቄት የተጠቀሙ መሆናቸው ታወቀ። ዱቄቱም ሲመረመር ከመቶ 6 እጅ በላይ ሄክሳክሎሮፌን የሚባል ጀርም ገዳይ መድኃኒት ተገኘበት። ይህ መድኃኒት ብዛቱ ሲያልፍ በቆዳ በኩል ወደ ደም ገብቶ አንጎልን የሚጎዳ ነው። በዱቄቱ ውስጥም ይኖር ዘንድ አልታሰበም ነበር፤ ፋብሪካው ታልኩን ሲያዘጋጅ በስሕተት ገባ እንጂ። የተመረዙት ሕፃናት 204 ሲሆኑ ከእነርሱ 36ቱ ሞቱ።

በዚህ መከራ ውስጥ ለነጋዴና ለሹም የሚሆን ከባድ ትምህርት አለ። በዕቃው ላይ የተጻፈው ቃል ሐሰት አልነበረም፤ ፋብሪካው በዱቄቱ ውስጥ አለ ብሎ ያመነውን ነበር የጻፈው። ባለሱቁም አላታለለም፤ የተረከበውን ሸጠ። ነገር ግን ከፋብሪካው እስከ ሕፃኑ አልጋ ባለው መንገድ ላይ ዱቄቱን ከፍቶ የመረመረ አንድ ሰው አልነበረም። በዚያን ጊዜ የገላ ዱቄትና የመዋቢያ ዕቃ እንደ መድኃኒት በሕግ የሚጠበቅ አልነበረምና። ከዚህ በኋላ የፈረንሳይ መንግሥት ሐምሌ 10 ቀን 1975 ስለ መዋቢያና ስለ ንጽሕና ዕቃዎች አሠራር የሚቈጣጠር ሕግ አወጣ፤ በተከታዩም ዓመት የአውሮፓ አገሮች ማኅበር ለአባሎቹ ሁሉ የሚሆን መመሪያ ደነገገ።

ከማዕድኑ የሚመጣው ጠላት

የሰው ስሕተት በጥንቃቄ ሊቀር ይችላል። ከማዕድኑ የሚመጣው ነገር ግን የበለጠ የተሠወረ ነው። ታልክ በሚገኝበት አለት ውስጥ አስቤስቶስ የሚባሉት ማዕድናትም አንዳንድ ጊዜ አብረው ይገኛሉ፤ ሁለቱን የሚፈጥራቸው የመሬት ሙቀትና ግፊት ተመሳሳይ ነውና። ታልክ ገጽ በገጽ የተደራረበ ሲሆን አስቤስቶስ ግን ከፀጉር ይልቅ እጅግ የቀጠኑ መርፌ መሳይ ክሮች አሉት። እነዚህ ክሮች በትንፋሽ ገብተው በሳንባና በሽፋኑ ላይ ተሰክተው ይቀራሉ፤ ሠላሳና አርባ ዓመትም ከቆየ በኋላ የሳንባ ነቀርሳን ወይም ሜሶቴሊዮማ የሚባለውን የሳንባ ሽፋን ነቀርሳ ሊያመጡ ይችላሉ። በአገራችን ተረት «ጠርጥር፥ ከገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር» የሚባለው ለዚህ ነገር የተነገረ ይመስላል።

በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የነቀርሳ ምርምር ድርጅት አስቤስቶስ ያለበት ታልክ በሰው ላይ ነቀርሳ እንደሚያመጣ በ1987 በማያሻማ ቃል አስታውቋል። ስለዚህ በዚህ ነጥብ ላይ በሊቃውንት መካከል ክርክር የለም። ክርክሩ በገበያ ላይ የሚገኘው የገላ ዱቄት አስቤስቶስ ነበረበት ወይስ አልነበረበትም የሚል ነው።

በ1976 የአሜሪካ የመዋቢያ ዕቃ ነጋዴዎች ማኅበር ለመዋቢያ የሚሆን ታልክ ከአስቤስቶስ የጸዳ እንዲሆን ወስኖ የመመርመሪያ ዘዴ አወጣ። ይሁን እንጂ የተመረጠው የኤክስ ጨረር ምርመራ ከመቶ ግማሽ እጅ በታች የሆነውን የአስቤስቶስ ዐይነት አያሳይም ነበር። ይህ ማለት በአንድ ኪሎ ታልክ ውስጥ እስከ አምስት ግራም የሚደርስ አስቤስቶስ ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል ማለት ነው። ለጥቂቱ ብዛት የሚሆነው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የሚደረገው ምርመራ ነው፤ እርሱም ዋጋው የከፋ፥ ጊዜም የሚወስድ ነው። ነጋዴ በወረቀት ላይ «አስቤስቶስ አልተገኘም» የሚል ቃል ሲያይ «በምን መሣሪያ ተፈልጎ ነው ያልተገኘው?» ብሎ የመጠየቅ ግዴታ ያለበት ስለዚህ ነው። አልተገኘም ማለት የለም ማለት አይደለም።

በታኅሣሥ 2018 ሮይተርስ የተባለው የዜና ማሰራጫ ለፍርድ ቤት የቀረቡ ሰነዶችን መርምሮ እንዳስታወቀው፥ የጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ኩባንያ ከ1971 ጀምሮ እስከ 2000ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በታልኩና በዱቄቱ ላይ ከተደረጉት ምርመራዎች አንዳንዶቹ ጥቂት አስቤስቶስ እንዳገኙ ያውቅ ነበር። ከዚያም በፊት በ1957ና በ1958 ስመ ጥሩው የኢጣልያ ታልክ ራሱ ሲመረመር፥ ከአስቤስቶስ ዘመዶች አንዱ የሆነው ትሬሞላይት ተገኝቶበት እንደ ነበር ሰነዶቹን ጠቅሶ ጽፏል። ኩባንያው ግን ይህንን አጥብቆ ክዷል፤ በሺህ የሚቈጠሩ ምርመራዎች ዱቄቱ ንጹሕ መሆኑን ያስረዳሉ ብሏል። በጥቅምት 2019 የአሜሪካ መንግሥት የምግብና የመድኃኒት መሥሪያ ቤት በአንድ የዱቄት ዕቃ ውስጥ እጅግ ጥቂት አስቤስቶስ ስላገኘ ኩባንያው 33,000 ያህል ዕቃ ከገበያ ሰበሰበ፤ ቆይቶም በራሱ ባስደረገው ምርመራ ምንም እንዳልተገኘ አስታወቀ። በግንቦት 2020 በአሜሪካና በካናዳ የታልክ ዱቄት መሸጡን እንደሚያቆም ገለጠ፤ በ2023 ደግሞ በዓለም ሁሉ ተወው፤ በስፍራውም በበቆሎ ስታርች የተሠራ ዱቄት አቀረበ። የተወበትንም ምክንያት የንግድ ጉዳይ ነው አለ እንጂ ዱቄቱ ጉዳት አለው ብሎ አላመነም።

የፍርዱም ነገር ከዱቄቱ ያነሰ አልነበረም። በሐምሌ 2018 በሚዙሪ ክፍለ ግዛት የተቀመጡ ፈራጆች ለ22 ሴቶችና ለቤተ ሰቦቻቸው 4.69 ቢሊዮን ዶላር እንዲከፈል ፈረዱ፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2020 ገንዘቡን ወደ 2.1 ቢሊዮን ያህል ዝቅ አደረገው፤ በ2021 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጉዳዩን አላይም ስላለ ፍርዱ ጸና። ኩባንያው የቀሩትን በዐሥር ሺዎች የሚቈጠሩ ክሶች 9 ቢሊዮን ዶላር ያህል ከፍሎ በኪሳራ ሕግ ለመጨረስ ያቀረበውን ሐሳብ በመጋቢት 2025 አንድ ዳኛ አልተቀበሉትም። በአንዳንድ ክሶች ግን ያሸነፈው ኩባንያው መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

ንጹሑ ታልክስ?

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ ያልተቋረጠ ክርክር ያለበት ነው። በ1971 በብሪታንያ የሚገኙ ሐኪሞች በሴት የእንቁልጢ እባጭ ውስጥ የታልክ ቅንጣቶች እንዳገኙ አስታወቁ። በ1982 ዳንኤል ክሬመርና ባልደረቦቹ በቦስተን የእንቁልጢ ነቀርሳ የያዛቸውን ሴቶች ከጤነኞች ጋር አወዳድረው፥ ዱቄቱን በኀፍረተ ሥጋቸው አካባቢ ይነሰንሱ በነበሩት ሴቶች ላይ በሽታው በዝቶ እንዳገኙት ጻፉ። ከዚያም በኋላ እንደዚሁ የተደረጉ አያሌ ምርመራዎች ጭማሪውን ከመቶ 20 እስከ 30 እጅ ያህል አድርገውታል።

በዚህ ላይ ግን ሁለት ነገር መታወቅ አለበት። መጀመሪያ፥ የታመመ ሰው ያለፈውን ኑሮውን ሲጠየቅ ከጤነኛው ይልቅ አጥብቆ ያስታውሳል፤ ስለዚህ ሰውን ከታመመ በኋላ በመጠየቅ የሚደረግ ምርመራ ወደ አንድ ወገን ሊያዘነብል ይችላል። ሁለተኛ፥ የእንቁልጢ ነቀርሳ በአሜሪካ በዕድሜ ዘመናቸው የሚይዛቸው ከመቶ ሴቶች አንዲት ያህል ናትና ከመቶ 30 እጅ መጨመር ማለት ከሺህ ሴቶች ላይ ሦስት ወይም አራት መጨመር ነው። በ2020 የወጣው፥ 252,745 ሴቶችን ለብዙ ዓመታት የተከታተለው ምርመራ በዱቄቱና በበሽታው መካከል በርግጥ የሚታመን ግንኙነት አላገኘም፤ ነገር ግን ጥቂት ጭማሪ የለም ለማለትም የሚያስደፍር አልሆነም።

በሐምሌ 2024 ያው የነቀርሳ ምርምር ድርጅት ማስረጃውን ሁሉ እንደገና መዝኖ ታልክን «በሰው ላይ ነቀርሳ ሊያመጣ እንደሚችል በብርቱ ከሚገመቱት» ደረጃ መድቦታል። በሰው ላይ የተገኘው ማስረጃ ውሱን መሆኑን ገልጦ፥ በእንስሳት ላይ የተገኘው ግን በቂ ነው ብሏል። ይህ ደረጃ የሚለካው የማስረጃውን ጥንካሬ እንጂ የአደጋውን ብዛት አይደለም፤ ቀይ ሥጋም በ2015 በዚሁ ደረጃ ተመድቧል። ስለዚህ አስተዋይ ሰው ከዚህ የሚያገኘው ምክር ድንጋጤ አይደለም፤ ያለ ጥቅም የሚደረገውን መተው ነው። ለዱቄት የሚሆን ሌላ ነገር ሳለ በሴት ኀፍረተ ሥጋ አካባቢ ታልክ መነስነስ ለአደጋ ራስን ከመስጠት በቀር የሚያስገኘው ትርፍ የለም።

የነጋዴውና የሹሙ ድርሻ

ከዚህ ሁሉ ለአስመጪ ነጋዴ የሚሆነው የመጀመሪያው ነገር ታልክ ሁሉ አንድ አለመሆኑን ማወቅ ነው። ለቀለም፥ ለላስቲክና ለወረቀት ተብሎ በጆንያ የሚሸጠው ታልክ ለገላ ከሚሆነው ጋር በንጽሕና አይተካከልም፤ ዋጋውም ይረክሳል። የረከሰውን ገዝቶ ሽቶ ጨምሮ በትናንሽ ዕቃ እያሸገ የሚሸጥ ሰው ከፍ ያለ ትርፍ ሊያገኝ ይችላል፤ ነገር ግን የሚነሰነሰው በሰው ልጅ ገላ ላይ መሆኑን ማሰብ ይገባዋል። ሁለተኛው፥ ዱቄቱ ከየትኛው የማዕድን ስፍራ እንደ ወጣ፥ በየትኛው ወር በየትኛው ፋብሪካ እንደ ታሸገና በምን መሣሪያ እንደ ተመረመረ የሚያስረዳ ወረቀት መጠየቅ ነው። የሽያጭ ቍጥሩና የታሸገበት ተራ ቍጥር በመዝገብ ካልተጻፈ፥ ጉዳት በደረሰ ጊዜ መጥፎውን ዕቃ ከደኅናው ለይቶ መሰብሰብ አይቻልም። ሦስተኛው፥ ዱቄት በሚታሸግበትና በሚከማችበት መጋዘን ውስጥ የተባይ መርዝና ሌላ ኬሚካል እንዳይቀመጥ ማድረግ ነው።

የሹሙም ሥራ ማኅተም መምታት ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ ጉምሩክ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሊኖረው አይችልም፤ ነገር ግን አንድ ዕቃ ከመቶ ሳጥን መካከል አውጥቶ መሣሪያው ወዳለበት ስፍራ መላክ፥ በሌላ አገር የተከለከለው ዕቃ በርካሽ ወደዚህ እንዳይፈስ ወሬውን መከታተል፥ የማስጠንቀቂያውም ቃል ገዢው በሚያነበው ቋንቋ እንዲጻፍ ማዘዝ ከዐቅም በላይ አይደለም። እናት በማታውቀው ቋንቋ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ እንዳልተጻፈ ይቈጠራል።

በቤት ውስጥ

ለቤት የሚሆነው ምክር አጭር ነው። የሕፃን ገላ ከሁሉ በፊት የሚሻው ንጹሕ ውሃ፥ መድረቅና የሽንት ጨርቁን ቶሎ መለወጥ ነው። ቆዳው የቀላ እንደ ሆነ ቫዝሊን ወይም ዚንክ ያለበት ቅባት ከዱቄት ይልቅ ይረዳዋል። ዱቄት ማድረግ የሚወድ ሰው ቢኖር በዕቃው ላይ የተጻፈውን አንብቦ ከታልክ ይልቅ ከበቆሎ ስታርች የተሠራውን ይምረጥ፤ እርሱም ቢሆን ቢቦንን ሳንባን የማይጎዳ አይደለም። ከሕፃኑ ራቅ ብሎ በመዳፉ ላይ ጥቂት አፍስሶ ቀስ ብሎ ይቀባው እንጂ ከላይ አያራግፈው፤ ዕቃውንም ከድኖ ልጅ ከማይደርስበት ያኑረው። የፀጉር ቆራጩም ብሩሽ ቢሆን ዱቄቱን ከደንበኛው ፊት አርቆ ቢራገፍ ለደንበኛው ብቻ ሳይሆን ቀኑን ሙሉ ለሚተነፍሰው ለሠራተኛው ይበጃል። ባለፉት ዓመታት የተጠቀመችበት ሴትም በዚህ ምክንያት መጨነቅ አይገባትም፤ አደጋው ቢኖር ጥቂት ነው። ያልተለመደ የሆድ መነፋት ወይም ሕመም ሲሰማት ግን ለሐኪም ማሳየት ትችላለች።

ታልክ በተፈጥሮው ከድንጋይ ሁሉ የለሰለሰ ነው፤ ጎጂ የሚሆነውም ወደማይገባበት ሲገባና የማይገባው ሲቀላቀልበት ነው። በ1972 የሞቱት 36 ሕፃናት ወላጆቻቸው ቸልተኞች ስለ ነበሩ አልሞቱም፤ ወላጆቹ ያመኑት ዕቃ ከእነርሱ በፊት በብዙ እጅ ሲያልፍ ከፍቶ ያየው ሰው ስለ ጠፋ ነው እንጂ። ስንጥሩን ገንፎው ወደ አፍ ሳይደርስ መልቀም የሚገባው ወጥ ቤቱ ነው፤ በዚህ ነገር ወጥ ቤቱ ነጋዴውና ሹሙ ናቸው።